ሰውን ስለ መሸከምና ሰውን ስለ ማስደገፍ

በእንዲህ ያለ ገጽ ስለ ትዕግሥትና ስለ ትሕትና፥ ስለ ምጽዋትና ስለ ፍቅር ብዙ ጊዜ ተጽፏል። እኔ ግን ዛሬ ስለ መታጠቢያ ቤትና ስለ መጸዳጃ ቤት ልጽፍ ተነሥቻለሁና፥ ነገሩ የተዋረደ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር አስቀድሜ ይቅርታ እለምነዋለሁ። ሰው ስለ ነፍሱ የሚያስበው ሥጋውን ይዞ ነው፤ ሥጋም በየዕለቱ መታጠብንና ወደ ጓሮ መውጣትን ይፈልጋል። እጅና እግሩ የታዘዘለት ሰው ይህን እንደ ሥራ አይቈጥረውም፤ እግሩ ለከዳው ወይም ግማሽ ጐኑ ለደነዘዘ ሰው ግን ከቀኑ መከራ ሁሉ የሚከብደው እርሱ ነው።

ጥያቄዬም ይህ ነው። በራሱ መቆም ያቃተውን ሰው ይበልጥ የሚረዳው፥ ተሸክሞ የሚወስደው ነውን? ወይስ ራሱ ይዞት የሚሄድበትን መደገፊያ በግድግዳው ላይ የሚተክልለት? ሁለቱም መልካም ናቸው ቢባል እውነት ነው። ነገር ግን ከሁለቱ የትኛው እንደሚቀድም ሳላውቅ በጐልማሳነቴ ተሳስቼ ነበርና፥ ስሕተቴን ያሳየኝን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ደብረ ሲና ከጣርማ በር ገደል ሥር በተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ፥ በፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ዘመን ተራራው ተፈልፍሎ የተሠራውን ዋሻ አልፎ ጠመዝማዛውን ቍልቍለት ሲወርድ ያገኛታል። ጉሙ ከገደሉ በወረደ ጊዜ ደጁ ሁሉ ይረጥባል፤ ድንጋዩም ያንሸራትታል። ቤቶቻችን ተዳፋቱን ተከትለው የተሠሩ ናቸውና፥ ከደጅ እስከ ጓሮ ያለ ደረጃ የሚደረስባቸው ጥቂቶች ናቸው። መጸዳጃውም ብዙውን ጊዜ ከቤቱ በታች በቍልቍለቱ በኩል ይቈፈራል። በክረምት ሌሊት ጤነኛው እንኳ በትር ይዞ ቀስ ብሎ ይወርዳል።

በ1985 ዓ.ም. ቅኔ ያስተማሩኝ መምህር በእርጅናቸው በዚህች ከተማ ተቀምጠው ነበር። በዚያ ዓመት ድንገተኛ ሕመም አገኛቸውና ግራ ጐናቸው ደነዘዘ፤ ግራ እጃቸውና ግራ እግራቸው አልታዘዝ አለ። አንደበታቸውና አእምሮአቸው ግን እንደ ቀድሞው ነበር፤ ተማሪ ቅኔውን ሲያቀርብ አንዲት የተሳሳተች ቃል አታመልጣቸውም ነበር። እኛም አራት ደቀ መዛሙርት ተራ ገብተን፥ ቀንም ሌሊትም ወደ መጸዳጃው ተሸክመን እናወርዳቸውና እናወጣቸው፥ ገላቸውንም እናጥባቸው ነበር። እኔ ከባልንጀሮቼ ይልቅ እተጋ ነበር፤ የሌላውንም ተራ ለምኜ እወስድ ነበር። ጎረቤቶችም በመንገድ ሲያገኙኝ ይመርቁኝ ነበር፤ ምርቃቱም ደስ ያሰኘኝ ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ የኔታን ሽንት ሲሸኑ ያቃጥላቸው፥ ትኵሳትም ይይዛቸው ጀመር። ሊያያቸው የመጣው የጤና ባለሙያ መርምሮ መድኃኒት ሰጣቸውና፥ «ውኃ አይጠጡምን?» ብሎ ጠየቃቸው። ዝም አሉ። እርሱ ከሄደ በኋላ እኔ ብጠይቃቸው፥ ከቀትር በኋላ ውኃ በአፋቸው እንደማይዞር ነገሩኝ። ስለ ምን ቢሉ፥ ሌሊት እኛን ከእንቅልፍ እንዳያስነሡን ነው። «ልጄ፥ ውኃውን የሚጠጣው የኔ አፍ ነው፤ ዕዳውን የሚከፍለው ግን ያንተ ጀርባ ነው» አሉኝ።

በዚያ ሰሞን የቤቱን ግድግዳ ሊመርግ የመጣ አንድ ግንበኛ ነበር። ወንድሙ በ1983 ዓ.ም. ካበቃው ጦርነት አንድ እግሩን አጥቶ የተመለሰ ነውና፥ እንዲህ ያለውን ችግር ከቤቱ ያውቀው ነበር። እኔ የኔታን ተሸክሜ ስወርድ አየኝና፥ «እጃቸው ይይዛልን?» ብሎ ጠየቀኝ። «ይይዛል» አልሁት። «እንግዲያው ስለ ምን ትሸከማቸዋለህ?» አለኝ። መልስ አጣሁለት፤ በልቤም ተቈጣሁት።

ግንበኛው በማግሥቱ የውኃ ቧንቧ ብረት ቈርጦ አመጣና፥ በመጸዳጃው ቤት በድንጋዩ ግንብ ላይ አጥብቆ ተከለው። የኔታም መረቁት። ነገር ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ብረቱን ሳይነኩት ቀሩ፤ እኛም መሸከምን ለምደው ነው እያልን በስውር እናማቸው ነበር። ግንበኛው ተመልሶ መጥቶ እርሳቸውን ራሳቸውን በጠየቃቸው ጊዜ፥ «ብረትህስ መልካም ነበር፤ ብቻ ስገባ የሚቀበለኝ በሞተው እጄ በኩል ነው» አሉት። ለካ የድንጋዩ ግንብ በስተግራ ነበር፤ ቀኙ የጭቃ ግድግዳ ነውና ብረት አይሸከምም። ከእኛ መካከል የትኛው እጅ እንደሚይዝ ለግንበኛው የነገረው፥ የኔታንም የጠየቃቸው አንድ ስንኳ አልነበረም። ግንበኛውም በቀኝ በኩል ሁለት የወይራ ምሰሶ አጥልቆ ቀበረና ሌላ ብረት በእነርሱ ላይ አጋደመ። ከዚያ ወዲህ የኔታ ሲገቡ አዲሱን፥ ዞረው ሲወጡ የፊተኛውን ይይዙ ጀመር። ደግሞም ከጡብ ከፍ ያለ መቀመጫ ሠራላቸው፤ ከቤቱ ደጅ እስከ መጸዳጃውም በደረጃው ዳር የእጅ መያዣ አደረገላቸው። ሥራውን በጨረሰ ጊዜ እርሱና እኔ በአንድነት በብረቱ ላይ ተንጠለጠልን፤ ብረቱም አልተነቃነቀም።

በመጀመሪያይቱ ሌሊት የበትር ድምፅ ሰምቼ ነቃሁ። ልነሣ ስል፥ «ተኛ» አሉኝ። እጃቸው በብረቱ ላይ እየተሳበ ሲወርድ ሰማሁ፤ ቈይቶም ተመለሰ። በማግሥቱ በራት ጊዜ ውኃ አምጡልኝ አሉ፤ ጠጥተውም ደገሙ። ባልንጀሮቼ ደስ አላቸው። እኔ ግን፥ እውነቱን ልናገርና፥ አዘንሁ። አንድ ነገር የተነጠቅሁ መሰለኝ።

ይህ ኀዘን ከወዴት እንደ መጣ ለማወቅ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። የኔታን እወዳቸው እንደ ነበረ አልጠራጠርም። ነገር ግን ከእርሳቸው ጋር አብሬ የወደድሁት ሌላ ነገር በልቤ ተሸሽጎ ነበር፤ እርሱም እኔ ከሌለሁ የማይሆንላቸው መሆኑ ነው። እርሳቸው ውኃ እየተጠሙ እኔ ምርቃት እጠግብ ነበር። ድኻ ባይኖር ለማን እንመጸውት ነበር የሚሉ ሰዎችን ሰምቻለሁ። ነገሩ ሲሰሙት መልካም ይመስላል፤ ውስጡን ብንመረምረው ግን፥ እኔ ከፍ እንድል ወንድሜ ወድቆ ይቈየኝ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ምጽዋት ከተቀባዩ ይልቅ ለሰጪው የተደረገ ነው።

በዐቢይ ጾም በአራተኛው እሑድ የመፃጕዕን ነገር እናነባለን። ያ ሰው 38 ዓመት ታምሞ በመጠመቂያይቱ አጠገብ ተኝቶ ነበር። ውኃው ነበረ፤ ድውያን የሚተኙበትም አምስት መመላለሻ ተሠርቶ ነበር። ይህ ሰው ግን ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው ስላልነበረው ሁልጊዜ ሌላው ይቀድመው ነበር። መመላለሻውን የሠሩት ሰዎች ስለ ጥላው አስበዋል፤ እግር የከዳው ሰው እንዴት አድርጎ ይወርዳል ብሎ ያሰበ ሰው ስለ መኖሩ ግን መጽሐፉ አይነግረንም። ደግሞ ይህን ልብ በሉ፤ ጌታችን ያን ሰው ተሸክሞ ወደ ውኃው አላወረደውም። ተነሥቶ አልጋውን ራሱ እንዲሸከም አደረገው። ይህን ያህል ዘመን የሰው ትከሻ ሲመኝ የኖረው ሰው በገዛ ትከሻው ተሸክሞ ሄደ። እኛ እንዲህ ያለውን ተአምር ማድረግ አይቻለንም። የሚቻለን ግን አንድ ነገር አለ፤ ሰው በቀረለት ኀይል እንዲሠራ ቦታውን ማሰናዳት ነው።

የኖኅንም ልጆች አስቡ። ሴምና ያፌት የአባታቸውን ዕራቁትነት በሸፈኑ ጊዜ እንዳያዩት የኋሊት ሄዱ፤ አክብሮታቸውም በዚህ ታወቀ። እኛ የኔታን ስናጥባቸው ዓይናችንን የምንመልስበት ቦታ አልነበረንም። በጉባኤ ፊት ቃላቸው የሚጠበቀው ሰው፥ በማታው በተማሪዎቻቸው ፊት ዕራቁታቸውን ይቀመጡ ነበር። አንድ ቀን ስንኳ አልተናገሩም፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ይመልሱ ነበር እንጂ። መደገፊያው ከተተከለ በኋላ ግን ገብተው በሩን ይዘጋሉ። ብረት ዓይን የለውምና አያይም፤ አንደበት የለውምና አያወራም፤ ምስጋናም አይጠብቅም።

መደገፊያ መያዝ ነውር የሚመስለው፥ ይህን በቤቴ ብተክል ሰው ደክሟል ይለኛል ብሎ የሚሰጋ ሽማግሌ ብዙ ነው። እኛ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ግን እንዲህ ልናስብ አይገባንም። ማኅሌት ስንቆም መቋሚያ እንይዛለን፤ ሌሊቱም ሲረዝም በእርሱ እንደገፋለን። ወጣቱም ሽማግሌውም ይይዘዋል፤ መቋሚያ በመያዙ ደካማ የተባለ ሰው የለም። መቋሚያ ማለት የሚቆሙበት ማለት ነው። በመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ ያለው ብረትም ከዚህ የተለየ አይደለም።

አሁን ስለ አሠራሩ ጥቂት ልናገር፤ ይህ ሥራ በግምት የሚሠራ አይደለምና። አሜሪካውያን በ1982 ዓ.ም. ስለ አካል ጉዳተኞች መብት ሕግ አውጥተዋል፤ በዚያ ሕግ መሠረት በተደነገገው የሕንፃ ልክ መደገፊያው ከወለሉ ከ84 እስከ 91 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ ውፍረቱ ከ32 እስከ 51 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ከግድግዳውም 38 ሚሊ ሜትር ይርቃል። ርቀቱ ቢጠብ ጣት አይገባበትም፤ ቢሰፋ ደግሞ የሚወድቅ ሰው ክንዱ ሾልኮ ገብቶ ሊሰበር ይችላል። በገበያችን አንድ ኢንች ከሩብ የሚባለው የውኃ ቧንቧ የውጭ ውፍረቱ 42 ሚሊ ሜትር ያህል ነውና በዚህ ልክ ውስጥ ይገባል። የመጸዳጃው መቀመጫ ከፍታ ከ43 እስከ 48 ሳንቲ ሜትር ነው። በሩ ሲከፈት ከ81 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ ማለፊያ ሊኖረው ይገባል፤ ተሽከርካሪ ወንበርም በውስጥ እንዲዞር አንድ ሜትር ተኩል ያህል ስፋት ያስፈልጋል።

በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ይሁን። ሰው በውስጥ ሳለ በሩ ሥር ቢወድቅ፥ ወደ ውስጥ የሚከፈተውን በር ሊረዳው የመጣው ሰው መክፈት አይችልምና። ወለሉም በሊሾ የለሰለሰ ወይም በሚያብለጨልጭ ሴራሚክ የተነጠፈ አይሁን፤ ውኃ ሲነካው ያንሸራትታል። ስሚንቶው ሳይደርቅ በመጥረጊያ ቢጫር ሻካራ ይሆናል፤ ይህም ሌላ ገንዘብ አይጠይቅም። ውኃው እንዳይቈም ወለሉ በአንድ ሜትር እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ወደ መውረጃው ይሂድ። የቧንቧው መክፈቻ በጣት የሚጠመዘዝ ከሚሆን ረዘም ያለ እጀታ ቢኖረው፥ ጣቱ የማይታጠፍለት ሰው በክርኑ ይከፍተዋል። ሙቅ ውኃ ባለበት ቤት ደግሞ ሙቀቱ ይለካ። 60 ዲግሪ የደረሰ ውኃ በጥቂት ሴኮንድ ገላን ያቃጥላል፤ ሥጋው የደነዘዘ ሰውም መቃጠሉን የሚያውቀው ቈዳው ከተላጠ በኋላ ነው። ስለዚህ በዚያው በአሜሪካው ልክ የገላ መታጠቢያ ውኃ ከ49 ዲግሪ እንዳያልፍ ታዝዟል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ጥንካሬው ነው። በተባለው ልክ መደገፊያው የ113 ኪሎ ክብደት ቢጣልበት ሊሸከም ይገባዋል። ሰው በሚወድቅበት ጊዜ ብረቱን ቀስ ብሎ አይዝም፤ ሙሉ ክብደቱን በአንድ ጊዜ ይጥልበታል። ብሎኬት በውስጡ ክፍት ነውና፥ ቀዳዳው በስሚንቶ ሳይሞላ በትንሽ ፊሸርና ብሎን የተያዘ መደገፊያ ጥቂት ከሰነበተ በኋላ ይነቀላል። ፎጣ ማንጠልጠያና የእጅ መታጠቢያ ገንዳም መደገፊያ አይደሉም፤ የሚያዳልጠው ሰው ግን መጀመሪያ የሚይዘው እነርሱን ነው። ገንዳው ተነቅሎ ሲሰበርም ስባሪው እንደ ምላጭ ይቈርጣል። ብረቱ ዚንክ የተቀባ ቢሆን እንኳ በተቈረጠበትና በተበየደበት ቦታ ቅቡ ይጠፋል፤ እንደ እኛ ባለ የጉም አገር በዚያ በኩል ይዝጋልና የዝገት መከላከያ ቀለም ይቀባ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ሁሉ ዝርዝር መናገሬ ግንበኛ መስዬ ለመታየት አይደለም። ጥንካሬ ራሱ የምግባር ነገር ስለ ሆነ ነው። የማይይዝ መደገፊያ ከባዶ ግድግዳ ይከፋል። ባዶውን ግድግዳ ያየ ሰው ይጠነቀቃል፤ ሰውም ይጠራል። የተተከለ ብረት ያየ ግን አምኖ ሰውነቱን ይሰጠዋል። ብረቱ ቢነቀል፥ ያን ሰው የጣለው እግሩ ብቻ አይደለም፤ የተከለው ሰው ሐሰት ነው። በነቢያት ዘመን የማይታመን ረዳት፥ የሚደገፍበትን ሰው እጅ በሚወጋ የተሰበረ ሸምበቆ ተመስሏል። ስለዚህ ሠሪው ሥራውን ከማስረከቡ በፊት እንደዚያ ግንበኛ ራሱ ይንጠልጠልበት።

በአገራችን ለዚህ ነገር ሕግ አልታጣም። በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ዐቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ተደንግጓል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቍጥር 624 በአንቀጽ 36፥ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ሁሉ አካል ጉዳተኞች የሚገቡበት መንገድ እንዲኖረው፥ መጸዳጃ በሚያስፈልግበትም ሕንፃ ለእነርሱ የሚመች በቂ መጸዳጃ እንዲሠራ አዝዞ ነበር። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት በ1999 ዓ.ም. የተቀበሉትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ አጽድቃለች። ነገር ግን ሕግ ድንጋይ አይፈልጥም። እኔ ራሴ በአንድ አዲስ ሕንፃ የተሽከርካሪ ወንበር ሥዕል የተለጠፈበት መጸዳጃ ተቈልፎ አይቻለሁ። ቍልፉን ይዞ የነበረው ዘበኛ ከብዙ ፍለጋ በኋላ ተገኝቶ ሲከፍተው፥ ውስጡ የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ ሆኖ ተገኘ። በዊልቸር የመጣውም ሰው ሳይገባ ተመለሰ።

በሌላው ዓለም ይህ ሥራ ከየት እንደ ተነሣና እስከ ምን እንደ ደረሰ ማወቅ ይጠቅማል። ሌናርድ ቼሻየር የሚባል እንግሊዛዊ የጦር አውሮፕላን ነጂ፥ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1940 ዓ.ም. አንድ ለሞት የደረሰ በሽተኛ ወደ ገዛ ቤቱ አስገብቶ በእጁ አስታመመ። ከዚያ አንድ ቤት የአካል ጉዳተኞች መኖሪያዎች በብዙ አገር በዙ፤ ወደ እኛም አገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1962 ደርሶ፥ ከአዲስ አበባ ውጭ በመናገሻ የልጅነት ልምሻ ላገኛቸው ሕፃናት መረጃ ሆነ። አውስትራልያውያን ደግሞ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2013 ባወጡት የአካል ጉዳተኞች ሕግ መሠረት፥ ጽኑ ጉዳት ላለባቸው ሰዎች የተለየ መኖሪያ ቤት እንዲሠራ አድርገዋል፤ በ2019ም የአሠራሩን ልክ አውጥተው ቤቶቹን በ4 ዐይነት ከፍለዋቸዋል። ከአራቱ አንዱ አእምሮአቸው ሲታወክ ለሚመቱና ለሚሰብሩ ሰዎች የሚሠራው ጽኑ ቤት ነው፤ ግድግዳውም ዕቃውም በቀላሉ የማይሰበር፥ ሰውዬውንም አብሮት ያለውንም የማይጐዳ ሆኖ ይዘጋጃል። ሌላው እጃቸውም እግራቸውም ለማይሠራላቸው ነው፤ በዚህ ቤት ጣሪያው ሰውን የሚያነሣ መሣሪያ እንዲሸከም ሆኖ ይሠራል። ይህን ሳነብ በአገራችን እንዲህ ባለ ሕመም የተያዘ ሰው ብዙ ጊዜ እንዴት እንደሚያዝ አሰብሁ። እኛ ሰውዬው እንዳይሰብር እርሱን እናስረዋለን፤ እነርሱ ግን እንዳይሰበር ዕቃውን አጠነከሩ።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ ዐውቃለሁ። ፊተኛው፥ ይህ የባለጠጋ አገር ነገር ነው፤ እኛ ውኃውን እንኳ በጀሪካን ተሸክመን እናመጣለን የሚል ነው። እውነት ነው፤ ጣሪያ ላይ የሚሰቀለው መሣሪያ ለብዙዎቻችን ሩቅ ነው። ነገር ግን የኔታን ያቆማቸው የአንድ ቁራጭ ቧንቧ፥ የሁለት ወይራና የጥቂት ጡብ ሥራ ነው። ከመካከሉ የተበሳ ጠንካራ የእንጨት ወንበር በጕድጓዱ ላይ ቢቀመጥ፥ መቀመጥ የማይችለውን ሰው እርጥቡን ወለል በእጁ እየዳኸ ከመግባት ያድነዋል። ሰው ሲታጠብ የሚቀመጥበት የማይነቃነቅ ዱካ ዋጋው ብዙ አይደለም። የጐደለን ከገንዘቡ ይልቅ ማሰቡ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል፤ እኔም ለብዙ ዘመን በልቤ ይዤው ነበር። ብረት የሰውን እጅ ከተካ፥ ልጅ አባቱን መደገፍ ይተዋል፤ ፍቅርም ይቀዘቅዛል የሚል ነው። ይህን የሚል ሰው የሚፈራው ነገር ከንቱ አይደለም። መደገፊያ ተክሎ አባቱን የሚረሳ ልጅ አይጠፋም። ደግሞም እጁ መያዝ የማይችል ሰው አለ፤ ለእርሱ ሰው የግድ ያስፈልገዋል፤ ብረቱም ያን ጊዜ የሚያነሣውን ሰው ወገብ ከመሰበር፥ የሚነሣውንም ከመውደቅ ይጠብቃል እንጂ ሰውን አይተካም። በእኛ ቤት ግን የሆነውን ልንገራችሁ። መሸከሙ ከቀረ በኋላ ከየኔታ ጋር የምንቀመጥበት ጊዜ በዛ። ቀድሞ ሌሊት አንሥተን ካወረድናቸው በኋላ ሁላችንም ደክመን፥ እርሳቸውም አፍረው ዝም እንል ነበር። በኋላ ግን ማታ ማታ ከእሳቱ ዳር ተቀምጠው ውኃቸውን እየጠጡ፥ ከመታመማቸው በፊት ጀምረው የተዉትን የቅኔ ትምህርት ጨረሱልን። የተሸከምኋቸው ጊዜ ካስተማሩኝ ይልቅ፥ መሸከም የተውሁ ጊዜ ያስተማሩኝ ይበዛል።

እንግዲህ ለጥያቄዬ መልሴ ይህ ነው። ሰው የሚችለው ነገር ሳለ መሸከም፥ ችሎታውን መቀማት ነው፤ የማይችለው ነገር ሳለ ደግሞ ብረቱን አሳይቶ መሄድ ጭካኔ ነው። ሁለቱን የሚለየው እኛ አይደለንም፤ ሰውዬው ራሱ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ይቀድማል፥ መለካት ይከተላል፥ አጥብቆ መትከል ይፈጽመዋል። የኔታን ብንጠይቃቸው ኖሮ፥ ሁለት ሳምንት ቀርቶ ስንት ወር ውኃ ሳይጠሙ በኖሩ ነበር።

በከተማችን ይህ ነገር የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና አካባቢ ደርሶ ነበር፤ በየሰፈሩ እጅና እግራቸውን ያጡ ጐልማሶች አሉ። ያረጁ እናቶችና አባቶችም በየቤቱ አሉ። እኛም በሕይወት ከቈየን ወደዚያው መሄዳችን ነው። ድውያን ፈውስ ፈልገው የሚመጡባቸው የጠበል ስፍራዎቻችን እንኳ ከሁሉ ይልቅ የሚያዳልጡ፥ ደረጃቸው የበዛ፥ መያዣ የሌላቸው ናቸው። የሰበካ ጉባኤ አባላትና የዕድር ዳኞች፥ የሆቴልና የትምህርት ቤት ባለቤቶች፥ ቤት የምትሠሩም ሁሉ፥ ግንበኛው ሳይሄድ ይህን አስታውሱ። ግድግዳው ከተመረገ በኋላ ከመቈፈር፥ ሲሠራ ማሰብ ይቀላል።

የኔታ ከዚያ በኋላ 6 ዓመት ኖረው ዐረፉ፤ ቤቱም ወደ ሌላ ሰው ተላለፈ። ባለፈው ዓመት በዚያ በኩል ሳልፍ ባለቤቶቹ አስገቡኝ። ከወይራው ምሰሶ አንዱ ተለውጧል፤ በድንጋዩ ግንብ ላይ ያለው ብረት ግን በቦታው ነው፥ ከእጅ ብዛት የተነሣ መካከሉ ለስልሷል። የቤቱ እመቤት እናት የሆኑ አንዲት አሮጊት በእርሱ ይዘው ሲወጡ አገኘኋቸውና ሰላምታ ሰጠኋቸው። ብረቱን ማን እንደ ተከለው ጠየቅኋቸው። «እኔ እንጃ ልጄ፤ ስንገባ አገኘነው። የተከለውን ነፍሱን ይማር» አሉኝ።

ግንበኛው ግን ዛሬም በሕይወት አለ። ምርቃቱን አደረስሁለት፤ ሳቀና፥ «አሁንም አይነቃነቅምን?» ብሎ ጠየቀኝ።